ከንቲባ ምንድን ነው? «የመረጥነው» ለምትሉ

ባለፈው ሳምንት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። የሐረጎን ጠመዝማዛ እንደጀመርን ከሹፌሩ ጀርባ የተቀመጠ ጎልማሳ ስልኩን ከፍ አድርጎ የአንድ ተንታኝ ንግግር ያሰማን ጀመር። ተንታኙ አንደበተ ርቱዕ ነው፤ ቃል አይቸግረውም። «ሕዝብ በድምፁ የመረጠውን ከንቲባ ማንም ተነስቶ ሊያወርደው አይችልም፤ ከንቲባ የሚጠየቀው ለመረጠው ሕዝብ ብቻ ነው!» አለ። ተሳፋሪው «እውነቱን ነው» እያለ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ብቻዬን ተብከነከንኩ። ስሰማት የመጀመሪያዬ ብትሆን ባለፍኳት ነበር፤ ግን በለቅሶ ቤት፣ በሰርግ ቤት፣ በሻይ ቤት፣ የትም ይችው ናት።

ጡረታ እስክወጣ የከተማ ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ስጽፍ ኖሬያለሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት ነዋሪ ለከንቲባ ብሎ የሰጠው አንድም የድምፅ ወረቀት በዓይኔ አላየሁም። ሊኖርም አይችልም፤ እንዲያ ያለ ወረቀት አይታተምም። በእኛ አሠራር ነዋሪ የሚመርጠው የምክር ቤት አባል ነው። ከንቲባውን የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው።

እንዴት እንደሚሆን ላሳያችሁ። አዲሱ ምክር ቤት ለምሥረታ ጉባኤ ይሰበሰባል፤ አፈ ጉባኤውን ይመርጣል። ከዚያ አብላጫ ወንበር ያለው ፓርቲ ዕጩውን ያቀርባል፤ የሕይወት ታሪክ ይነበባል፤ የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድ። አፈ ጉባኤው «የምትደግፉ?» ይላል። እጅ ይወጣል። እኔና አንድ ባልደረባዬ ከግራና ከቀኝ ረድፍ እንቆጥራለን። «የምትቃወሙ?» ዝምታ። «ድምፀ ተአቅቦ?» ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ያስላል። ከዚያ መሐላ፣ ከዚያ ጭብጨባ። «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» የምትለዋን ሐረግ ስንት ጊዜ እንደጻፍኳት አላህ ይወቅ። (በነገራችን ላይ ቃለ ጉባኤ በሚቀጥለው ስብሰባ ተነቦ እስኪጸድቅ ድረስ ረቂቅ ነው። ማንም አልጠየቀኝም፤ ግን ረቂቅ ይዞ «ማስረጃ አለኝ» የሚል ሰው አላጣሁምና ልናገረው።)

ጥፋቱ ያለው አንዲት ግስ ላይ ይመስለኛል። ዜናው «እገሌ የከተማዋ ከንቲባ ሆነው ተመረጡ» ይላል። ተመረጡ፤ በማን? ግሷ መራጩን ትደብቃለች። የሚሰማው ሰው ደግሞ ምርጫ ሲባል የሚመጣበት ሰልፍና የጣት ቀለም ነው። «ምክር ቤቱ ሰየማቸው» ቢባል ግማሹ ግርታ በጠፋ። ተንታኙ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ከሆነ ይማር፤ እያወቀ ከሆነ ግን ሕዝብ የማያውቀውን ሥልጣን እየሸጠለት ነው።

ቅሬ ያልገባ የወሎ ሰው የለምና በቅሬ ላስረዳ። ሌላው አገር እድር የሚለውን ማለቴ ነው። አባላቱ ተሰብስበው፣ እንበል፣ ሰባት የኮሚቴ ሰዎች ይመርጣሉ። ሰባቱ ለብቻቸው ይቀመጡና አንዱን ሰብሳቢ፣ አንዱን ጸሐፊ፣ አንዱን ገንዘብ ያዥ፣ አንዱን ንብረት ያዥ ያደርጋሉ። አንተ ሰባት ሰው መርጠሃል፤ ሰብሳቢውን ግን አልመረጥክም። ሰብሳቢው ያስተባብራል፣ ይፈርማል፣ ለቅሶ ቤት ቀድሞ ይቆማል። ድንኳኑን መሸጥ አይችልም። ማለዳ ተነስቶ «ከዛሬ ጀምሮ መዋጮው እጥፍ ነው» ማለትም አይችልም፤ ጉባኤው ይወስናል። ከንቲባም እንዲሁ ነው፦ ዕቅድና በጀት አዘጋጅቶ ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ያጸድቃል፤ የካቢኔ አባላቱን ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ይሾማል።

ምሳሌውን ትንሽ ልሳበው። ድስቱ ቢቀደድ የምትጮኸው በሰብሳቢው ላይ ነው፤ ሰብሳቢው ዞሮ የሚጮኸው በንብረት ያዡ ላይ ነው። በከተማው የንብረት ያዡ ቦታ የሥራ አስኪያጁ ነው። ጽዳቱ፣ የመንገድ መብራቱ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገዱ፣ ቄራው፣ የገበያ ቦታው፣ እነዚህ ማዘጋጃ ቤታዊ የሚባሉት ሥራዎች በእሱ በኩል ያልፋሉ። ትምህርትና ጤና ደግሞ መንግሥታዊ ሥራ ተብለው በሌላ መስመር ይሄዳሉ። ኪሱም ሁለት ነው፦ ከተማዋ ከአገልግሎት ክፍያና ከሊዝ የምታገኘው አንድ ኪስ፣ ከክልል በድጎማ የሚመጣው ሌላ ኪስ። ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው እንደልብ አይዛወርም። ሰኔ ላይ «ገንዘቡ እያለ ለምን አልተሠራም» ብሎ የሚቆጣ ሰው ብዙ ጊዜ ያየው የሌላኛውን ኪስ ገንዘብ ነው። በጀቱ ደግሞ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 እንጂ ከመስከረም እንዳይመስላችሁ።

ምሳሌው የሚያነክሰው እዚህ ላይ ነው። ከቅሬ በላይ ሌላ ቅሬ የለም። ከደሴ በላይ ግን ባሕር ዳር አለ። ፌዴራል ሕገ መንግሥቱ ለታችኛው እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል እንጂ፣ ከተሞች እንዴት እንደሚቋቋሙና ከንቲባቸው ምን እንደሚሠራ የሚወስነው የክልሉ ምክር ቤት በሚያወጣው አዋጅ ነው። ስለዚህ «ክልሉ ምን አገባው» የሚለው ክርክር ከመነሻው አይቆምም። በወረቀት ከንቲባን የሚያነሳው የሰየመው ምክር ቤት ነው። በተግባር ደግሞ ፓርቲው «ለሌላ ኃላፊነት ይፈለጋሉ» ይላል፣ ምክር ቤቱ ይሰበሰባል፣ እጅ ይወጣል፣ እኔ እቆጥራለሁ። ተንታኙ ይህን ቢተች ጆሮዬን በሰጠሁት። እሱ ግን የተቆጣው ባልተሰጠ ድምፅ ነው።

«እንግዲያውስ ከንቲባችን የሕዝብ አይደለም ማለት ነው?» አለኝ አንድ ወዳጄ ይህንኑ ስነግረው። ጠቅላይ ሚኒስትሩንስ ማን መረጠው? እሱም የሚሰየመው ከተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል በምክር ቤቱ ነው። እዚያ ላይ ማንም አይገረምም። በምክር ቤት መሰየም ነውር አይደለም፤ የፓሪስን ከንቲባም የሚመርጠው የከተማዋ ምክር ቤት ነው። የለንደኑን ግን እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ነዋሪው በቀጥታ ይመርጠዋል። የውጭ ዜና የሚከታተል ሰው የለንደኑን አይቶ የደሴውንም እንዲያ ያደርገዋል። በቀጥታ መመረጥ የተሻለ ነው የሚል ካለ ይከራከር፤ መከራከሪያም አለው። ሕጉ ይቀየር ማለትና ሕጉ እንዲህ ነው ማለት ግን ለየቅል ናቸው።

አዲስ አበባ ለብቻዋ ናት፤ የራሷ ቻርተር አላት፣ ተጠሪነቷም ለፌዴራሉ ነው። እዚያ የሚሆነውን አይቶ ስለ ደሴ መናገር ብዙ ሰው አሳስቷል። በ2010 የአዲስ አበባ ሕግ ተሻሽሎ የምክር ቤቱ አባል ያልሆነ ሰው በምክትል ከንቲባ ስም ከተማዋን እንዲመራ ተደረገ፤ እስከ 2013 መጨረሻም ከተማዋን የመሩት ሁለቱም ሰዎች መጠሪያቸው «ምክትል» ነበር። ከዚያ ወዲህ ምክትል የሚል ማዕረግ በሰማ ቁጥር «ዋናው የት ሄደ?» የሚል ሰው በዛ።

የቃሉ ታሪክም ለግርታው እጁ አለበት። ከንቲባ ጥንት የደምቢያ ገዥና የጎንደር ከተማ ሹም ማዕረግ ነበር። ያ ከንቲባ ዳኛም፣ ግብር ሰብሳቢም፣ አዛዥም ነው፤ የሚሾመው ንጉሡ፣ የሚሽረውም ንጉሡ። በ1934 በወጣው የአስተዳደር ደንብ እንኳ ከንቲባ የተባለው የአዲስ አበባና የጎንደር ኃላፊ ብቻ ነበር፤ ሌላው ከተማ «የከተማ ሹም» ነበረው። ደሴ የራስ ሚካኤል መናገሻ ብትሆንም፣ አይጠየፍን የመሰለ የግብዣ አዳራሽ ቢኖራትም፣ በዚያ ደንብ ከንቲባ ከሚባልላቸው ሁለቱ አንዷ አልነበረችም። ዛሬ ሰው ከንቲባ ሲል በልቡ ያለው ያ የጥንቱ ነው። ሁሉን ይችላል፣ ሁሉን ያዛል።

ለዚህም ነው ሁሉም ማመልከቻ «ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት» የሚባለው። ሰውየው ቧንቧ ውሃ ከሚባለው የደሴ ሰፈር ተነስቶ ፒያሳ ይወርዳል፣ በባለጉዳይ ቀን ይሰለፋል፣ ማመልከቻው ጥግ ላይ ከንቲባው በሰማያዊ እስክሪብቶ «በሕጉ መሠረት ታይቶ ይስተናገድ» ብለው ይመሩበታል። ደስ ብሎት ይወጣል፤ «መሩልኝ!» ይላል። ወዳጄ፣ መሩልህ ማለት ወሰኑልህ ማለት አይደለም። ወረቀትህ ሊሄድበት ወደሚገባው ቢሮ ሄደ ማለት ነው፤ መጀመሪያውኑ እዚያው ብታስገባው ሁለት ሳምንት ታተርፍ ነበር። ባለሙያው «ሕጉ አይፈቅድም» ሲል ደግሞ «የከንቲባን ትእዛዝ ጣሰ» ተብሎ ይከሰሳል። «በሕጉ መሠረት» የሚለውን የሚያነብ የለም።

መብራት ሲጠፋም ከንቲባው ይሰደባል። መብራቱ የፌዴራል ድርጅት ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚያወርደው አስፋልት የፌዴራል መንገድ ነው። ኮምቦልቻ ላይ በ2009 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም የሚተዳደረው በፌዴራሉ ኮርፖሬሽን ነው፤ የኮምቦልቻ ከንቲባ እንደ ጎረቤት ይጎበኘዋል እንጂ አያዝዘውም። የወሎ ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ። ውሃው ይለያል፤ አገልግሎቱ በቦርድ ይመራል፣ ቦርዱን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበስበው ከንቲባው ነው፣ ስለዚህ የውሃውን ጩኸት ወደ እሱ ብትልኩት አልቃወምም። የተደፈነ ቦይ፣ ያልተነሳ ቆሻሻ፣ ለገበያ የተተወ ቦታ ላይ የተሠራ አጥር፣ እነዚህ የከተማው ናቸው፤ እዚህ ላይ ማንም ከንቲባ «አይመለከተኝም» ሊል አይችልም።

ተንታኙን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበረኝ። «ሕዝብ የመረጠው» ሲል የትኛውን ምርጫ ነው? በክልል ከተሞች ለከተማ ምክር ቤት ድምፅ የተሰጠው በ2000ና በ2005 ነው። የሥራ ዘመኑ አምስት ዓመት ስለሆነ ቀጣዩ በ2010 መሆን ነበረበት፤ ተራዘመ። የሰኔ 2013ቱ ምርጫ ለተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤቶች ነበር፤ ከከተማ ምክር ቤቶች የተካተቱት የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ናቸው። የደሴ ሰው በዚያ ቀን የተሰለፈው ለከተማው ምክር ቤት አልነበረም። ይህ ነው የሚያስቆጣው ነገር። ከንቲባው በምክር ቤት መሰየሙ አይደለም፤ የሚሰይመው ምክር ቤት ዕድሜ ነው። በ2005 የተመረጠ አባል ሊሞት ይችላል፣ ከከተማው ሊለቅ ይችላል፣ ሥራ ሊቀይር ይችላል። ምልዓተ ጉባኤ ስቆጥር ባዶውን ወንበር አውቀዋለሁ።

ኮምቦልቻ መናኸሪያ ስንደርስ ያንን ጎልማሳ ጠጋ ብዬ፣ «ወንድም፣ የሰፈርህ የምክር ቤት አባል ማነው?» አልኩት። ሳቀ። «ጋሼ፣ ስልጣን የሌለውን ምን አደርገዋለሁ?» አለ። ሥልጣን የሌለው! ከንቲባ የሚሰይመውን፣ በጀት የሚያጸድቀውን ሰውዬ ነው እንዲህ ያለው። እንደማውቃት አድርጌ፣ እጁን ይዤ፣ ከቅሬው ጀምሬ ነገርኩት። በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ ከቦርሳው አንድ ማመልከቻ አውጥቶ ሰጠኝ፤ በቤቱ በር ላይ የተደፈነ ቦይ አለ፣ አርትዕልኝ አለ። አነበብኩት። ጽሑፉ ጥሩ ነው፣ ስሕተት የለበትም። አናቱ ላይ ግን በጉልህ፣ ከሥሩም ሁለቴ ተሰምሮበት፣ «ለኮምቦልቻ ከተማ ከንቲባ» ይላል። ለከተማ አገልግሎት በለው ብዬ ብሰርዘው፣ «እሱ ይቆይ፣ ይምሩልኝ» ብሎ ነጠቀኝ።