የመሣሪያ ርክክብ ምንድን ነው?

ከለገጣፎ አልፎ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ማለዳ የቆመ ሰው ይህን ሊያይ ይችላል። ሌሊቱን በጥበቃ ያደረው ፖሊስ ክላሹን ከትከሻው ያወርዳል፤ አፈሙዙን ከሰው አርቆ ወደ አሸዋ ከረጢት ያዞራል፤ ካዝናውን ይነቅላል፤ ጥይት አለመቅረቱን በዓይኑ ያረጋግጣል። የመሣሪያ ክፍሉ ኃላፊ ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ያነባል፣ ጥይቱን ይቆጥራል፣ መዝገቡን ያስፈርማል። ተረኛው ያንኑ ክላሽ ተቀብሎ ይወጣል። ርክክብ ማለት ይኸው ነው።

እኛ «የፖሊሱ ክላሽ» እንላለን እንጂ የፖሊሱ አይደለም፤ በፊርማ ያደረበት አደራ ነው። ድሮ ነገሩ ሌላ ነበር። ገጠሩን ይጠብቅ የነበረው ነጭ ለባሽ አብዛኛውን ጊዜ የገዛ ጠመንጃውን አንግቦ ነበር የሚዘምተው፤ ውጅግራውም ሆነ ምንሽሩ ከአባቱ የወረሰው ሊሆን ይችላል። ለራሱ ጠመንጃ ማን ያስፈርመዋል? በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 6 ዘመናዊው የፖሊስ ኃይል ሲቋቋም ፖሊስ ደመወዝተኛ ሆነ፤ መሣሪያውም የመንግሥት ንብረት።

ጥይት አንድ በአንድ መቁጠር ጣጣ ይመስላል። ነገር ግን ሌሊት ተኩስ ተሰምቶ ሰው ቢጎዳ፣ መጀመሪያ የሚገለጠው ያ መዝገብ ነው፦ ማን ወሰደ? ስንት ይዞ ወጣ? ስንት መለሰ? እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 ሃቫና ላይ የጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት መርሆዎችም ፖሊስ ለተሰጠው መሣሪያና ጥይት ተጠያቂ የሚሆንበት ሥርዓት እንዲኖር ይጠይቃሉ። እነዚሁ መርሆዎች ጋሻና የራስ ቁርም ይስጡት ይላሉ፤ ራሱን የሚከላከልበት ያለው ሰው ቃታ ለመሳብ አይቸኩልም። ካቴናውም፣ ዱላውም፣ መገናኛ ሬዲዮውም በርክክቡ ይገባሉ። ሬዲዮው ባትሪው ሞቶ ከተመለሰ ግን ተረኛው ምን እንደሚል እዚህ አልጽፈውም።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 ደግሞ የፈቃድና የምዝገባውን ጉዳይ ለፌዴራል ፖሊስ ሰጥቷል። ሌላውን «መሣሪያህን አስመዝግብ» የሚል አካል የራሱ መዝገብ ከተዝረከረከ ማን ይሰማዋል?

በእኔ ግምት ርክክብ የሚላላው ዳር ላይ ነው። ኬላው ከጣቢያው ሲርቅ ዝናብ ይመጣል፣ መኪና ይጠፋል፤ ክላሹ በእጅ ይቀባበሉታል፣ ፊርማው «ነገ» ይባላል። ያኔ ለአንድ ሌሊት መሣሪያው በመዝገብ አንድ ሰው ዘንድ፣ በትከሻ ሌላ ሰው ዘንድ ያድራል።