«ድምፁ ያው ነው፣ ምን ለውጥ አለው?» ስለ ልጆች አጻጻፍ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከ4ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያሉ ብዙ ልጆች ጥሩ አድርገው ያነባሉ። ሲጽፉ ግን የፊደል ግድፈት ያስቸግራቸዋል። እኛም ለመርዳት ብለን የምንላቸው ነገር አንዳንዴ ያብስባቸዋል።

«አማርኛ እንደሚሰማው ነው የሚጻፈው።»

አብዛኛውን ጊዜ አዎ፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። «ኢትዮጲያ» ብሎ የጻፈ ልጅ በትክክል ሰምቷል። ከ«ያ» በፊት የመጣ ሳድስ ፊደል ሲነገር ወደ ሣልስ ያደላል። «ቁዋንቁዋ» ብሎ የጻፈውም የሰማውን ነው የጻፈው፤ «ቋ» የምትባል ፊደል መኖሯን ረስቶ ነው። እነዚህን ልጆች «በደንብ ስሙ» ማለት አይረዳቸውም። ቃሉን በዓይናቸው ማየት አለባቸው።

«ሞክሼ ፊደላት ድምፃቸው አንድ ስለሆነ በፈለገው ይጻፍ።»

እዚህ ላይ ጠንከር ልበል። እነዚህ ፊደላት በግእዝ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። ትግርኛ ዛሬም «ሐ»ን ከ«ሀ»፣ «ዐ»ን ከ«አ» ይለያል። በአማርኛ ድምፁ ቢጠፋም ፊደሉ የቃሉን ዘር ይዞ ቀርቷል። «ጸሐፊ»፣ «ጽሕፈት»፣ «ጽሑፍ»፣ «መጽሐፍ» ብላችሁ ከላይ ወደ ታች ጻፉለት። በሁሉም ውስጥ ያሉትን ፊደላት ያክብባቸው። ጸ፣ ሐ እና ፈ ቅርጻቸው ቢለዋወጥም ከቦታቸው አይጠፉም። አንዱን ቃል ካወቀ አራቱንም አወቀ ማለት ነው። «ንጉሥ»፣ «ንግሥት»፣ «መንግሥት»ም እንዲሁ ናቸው። «ምሕረት» እና «ትምህርት» ግን ዘራቸው የተለያየ ስለሆነ አንዱ በሐ፣ ሌላው በሀ ይጻፋል። የጥንቶቹ የፊደል መጠሪያዎችም ትልቅ እገዛ ናቸው፦ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። መጠሪያው ራሱ ምሳሌ ቃል ነው።

እርግጥ መጻሕፍትና ጋዜጦችም በዚህ ሁልጊዜ አይስማሙም። ለልጁ የመማሪያ መጽሐፉን አጻጻፍ መያዝ ይሻላል።

«ደጋግሞ ይገልብጠው፣ ይለምደዋል።»

ሲገለብጥ እጁ ይሠራል፤ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው። ይልቅ ቃሉን ይየው፣ ይሸፍነው፣ ሳያይ ይጻፈው፣ ከዚያ ገልጦ ያመሳክር። የሳታትን ፊደል ብቻ ያስምርባት። ነገም ይሞክረው፣ ከሳምንት በኋላም።

«ብዙ ካነበበ በራሱ ይስተካከላል።»

ንባብ ይረዳል፣ ብቻውን ግን አይበቃም። አንባቢ ቃሉን ባጠቃላይ መልኩ ለይቶ ያልፋል። ጸሐፊ ግን እያንዳንዷን ፊደል ከጭንቅላቱ ማውጣት አለበት።

«ስሕተቱ ሁሉ በቀይ መታረም አለበት።»

ድርሰቱ በቀይ የተሞላበት ልጅ ከዚያ ወዲያ የሚጽፈው የሚያውቃቸውን ቀላል ቃላት ብቻ ነው። ሁለት ሦስት ቃል ምረጡ። «እዚህ መስመር ላይ የተሳሳተ ቃል አለ፣ እስቲ ፈልገው» በሉትና ጊዜ ስጡት።