ጦር የሚወረወረው በክንድ ብቻ ነው? በደሴና በኮምቦልቻ ሜዳዎች የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ አንድ ልጅ ጦር ይዞ ሜዳ ሲገባ ከዳር ቆሞ የሚመክረው አይጠፋም። «ክንድህን አጠንክር»፣ «ወደ ሰማይ ልቀቀው»፣ «ይልቅ ሩጫ ብትሞክር አይሻልህም?»። ምክሩ በቅንነት ነው። አብዛኛው ግን ስህተት ነው፤ አንዳንዱም ክርን የሚያበላሽ ነው።

«ጦር የሚወረወረው በክንድ ነው»

የስህተቶች ሁሉ አባት ይሄ ነው። ከደሴ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ምን እንደሚሆን አስቡ፦ መኪናው ይቆማል፣ ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠው ዘንቢል ግን ወደ ፊት ይወረወራል። ጦር ውርወራም ይኸው ነው። ወርዋሪው ከ13 እስከ 17 እርምጃ ይንደረደራል፤ የመጨረሻዎቹን 5 ገደማ ጎኑን ሰጥቶ እግሩን እያሻገረ ይሄድና የፊት እግሩን ይተክላል። በቀኝ እጁ ለሚወረውር፣ ፍሬኑ ግራ እግሩ ነው። እግሩ ቀጥ ብሎ ሲቆም የሩጫው ጉልበት ወደ ላይ ይወጣል፦ መጀመሪያ ዳሌ፣ ቀጥሎ ደረት፣ ትከሻ፣ ክርን፣ በመጨረሻ እጅ። ክንድ ከሁሉም ኋላ ይደርሳል፣ ከሁሉም ግን ይፈጥናል። 90 ሜትር የሚደርስ ውርወራ ላይ ጦሩ ከእጅ የሚወጣው በሰከንድ 30 ሜትር ገደማ ነው፤ በሰዓት ሲሰላ 108 ኪሎ ሜትር። ይህን በክንድ ብቻ የሚያመጣ ሰው የለም።

የጀማሪ ጉድለትም የሚታየው እዚሁ ላይ ነው። ግራ ጉልበቱ ከታጠፈ ሚኒባሱ ፍሬን አልያዘም ማለት ነው፤ ልጁ ከጦሩ ጋር አብሮ ይሄዳል፣ ጦሩም እቅርብ ይወድቃል። መፍትሔው ወደ ኋላ መመለስ ነው፦ ከ2 እስከ 3 ኪሎ የሚመዝን ሜዲስን ቦል (ከባድ የልምምድ ኳስ) በሁለት እጅ ከራስ በላይ መወርወር፣ ከዚያ ጦሩን ቆሞ፣ ቀጥሎ በ3 እርምጃ፣ ቀጥሎ በ5። በ5 እርምጃ ጉልበቱ የሚታጠፍበትን ልጅ ሙሉ መንደርደሪያ መስጠት ስህተቱን ማፍጠን ነው።

«ድንጋይ አርቆ የሚወረውር ጦርም ያርቃል»

ግማሽ እውነት አለው፤ ፈጣን ክንድ ፈጣን ክንድ ነው። ግን ድንጋይ በየት በኩል ቢወጣ ግድ የለውም። ስለዚህ ድንጋይ የለመደ ልጅ ክርኑን ከትከሻው በታች አውርዶ በጎን ያሽቀነጥራል። የወንዶች ጦር 800 ግራም ይመዝናል፣ ከ2.60 እስከ 2.70 ሜትር ይረዝማል፤ የሴቶቹ 600 ግራም ሆኖ ከ2.20 እስከ 2.30 ሜትር ነው። ይህን የሚያህል ዘንግ በጎን ከተሳበ ጭራው ይወዛወዛል፣ አየር ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ሳይርቅ ይወርዳል። መዳፍ ወደ ሰማይ ይዞር፣ የጦሩ ሹል ከጉንጭ አጠገብ ይሁን፣ ክርን ከትከሻ ከፍ ብሎ ይለፍ፤ ጦሩም በራሱ ርዝመት መስመር ይሳብ።

ክርን በወረደ ቁጥር ጫናው የሚያርፈው በክርን ውስጠኛ ጎን ባለው ጅማት ላይ ነው። እዚያ ቦታ የሚሰማ ሕመም «ሲለምድ ይለቃል» የሚባል ዓይነት አይደለም። በዚያው ቀን ውርወራ ይቆማል፤ ሕመሙ ካልተወ ሐኪም ያየዋል። ለጀማሪ በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን፣ በቀን ከ30 እስከ 40 ውርወራ ይበቃል፤ ከዚያ ውስጥ በሙሉ መንደርደሪያ የሚወረወረው ከ10 አይለፍ። በደሴ የጠዋት ብርድ ደግሞ ከ25 ደቂቃ ያነሰ ማሟሟቂያ አድርጎ ጦር ማንሳት ጅማትን መፈታተን ነው።

«ደጋ የሯጭ እንጂ የወርዋሪ አገር አይደለም»

ጦር ወርዋሪው ጁሊየስ ዬጎ የተወለደው በኬንያ ናንዲ፣ በሯጮች አገር ነው። ቁመቱም 1.75 ሜትር ገደማ ስለሆነ «ግዙፍ ካልሆንክ አይሆንም» የሚለውንም አብሮ ያፈርሳል። በ2015 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ቤጂንግ ላይ 92.72 ሜትር ወርውሮ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ ብር አገኘ። አየሩን በተመለከተ፣ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ባለችው ደሴ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሳስ ያለ አየር ጦሩን የሚገታውንም፣ ደግፎ የሚያንሳፍፈውንም ኃይል እኩል ይቀንሳል፤ በውጤት ላይ ያን ያህል ለውጥ አይኖርም። የወርዋሪ ሥራም ጥቂት ሰከንድ ስለሆነ ትንፋሽ አያጥረውም።

«በዩቲዩብ ብቻ ሻምፒዮን መሆን ይቻላል»

ይህም የመጣው ከዬጎ ነው። ቪዲዮ እያየ መጀመሩ እውነት ነው። ሲወራ የሚዘለለው ግን በኋላ ፊንላንድ፣ ኩኦርታኔ ሄዶ በአሰልጣኝ መሠልጠኑ ነው። ቪዲዮ የሌላውን ሰው ያሳያል፤ ያንተን ክርን መውረድ የሚያይልህ ከጎን የቆመ ሰው ነው። ስልክን ከወርዋሪው በስተቀኝ አቁሞ የራስን ውርወራ በዝግታ መቅረጽ ግማሹን ክፍተት ይሞላል።

«በ45 ዲግሪ ልቀቀው»፣ «ካልተሰካ አይቆጠርም»

ሁለቱም ልክ አይደሉም። ጥሩ ወርዋሪዎች የሚለቁት ከ32 እስከ 36 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። ጦሩም መሰካት የለበትም፤ የብረቱ ጫፍ ከሌላው አካሉ ቀድሞ መሬት ከነካ ይበቃል።

«የድሮዎቹ ይበልጡ ነበር»

ምስራቅ ጀርመናዊው ኡቬ ሆን በ1984 በርሊን ላይ 104.80 ሜትር ወርውሯል። የዛሬው የዓለም ክብረ ወሰን ቼኩ ያን ዜለዝኒ በ1996 የወረወረው 98.48 ነው። ሰው አልደከመም፣ ጦሩ ነው የተለወጠው። በ1986 የወንዶቹ ጦር የክብደት ማዕከል 4 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ተገፋ፤ ቶሎ አፍንጫውን እንዲደፋና በስታዲየም ውስጥ እንዲቀር። የሴቶቹም በ1999 ተለውጧል።

«በ20 ዓመቱ ካልታወቀ አበቃለት»

የትሪኒዳድና ቶቤጎው ጦር ወርዋሪ ኬሾርን ዋልኮት በ19 ዓመቱ ለንደን 2012 ላይ በ84.58 ወርቅ አገኘ። የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ግን በ2025 ቶኪዮ ላይ፣ በ32 ዓመቱ፣ በ88.16 ነው። ዜለዝኒ ሦስተኛውን የኦሎምፒክ ወርቅ በሲድኒ ሲወስድ 34 ዓመቱ ነበር። ስለዚህ በ17 ዓመቱ 50 ሜትር የሚወረውር ልጅ አልዘገየም፤ ለፓሪስ ኦሎምፒክ የወጣው የመግቢያ ርቀት ግን ለወንድ 85.50፣ ለሴት 64.00 ሜትር እንደነበር አውቆ ይጀምር። ገንዘቡም ከትራክ ሯጭ አያንስም፦ ፓሪስ ላይ የስፖርቱ የበላይ አካል የሆነው የዓለም አትሌቲክስ ለወርቅ የሰጠው 50,000 ዶላር በሁሉም የአትሌቲክስ ውድድር እኩል ነበር። የሚጎድለው የጎዳና ሩጫ ገበያ ነው፤ ወርዋሪ በየሳምንቱ የሚጠራው ውድድር የለውም።

«አደገኛው ሹሉ ነው»

በልምምድ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው የተሰካው ጦር ጭራ ነው። ልጅ ጦሩን ለማምጣት ይሮጣል፣ ጭራው ወደ እሱ ጋደል ብሎ በፊቱ ቁመት ቆሟል፣ አላየውም። የእግር ኳስ ተጫዋች አቋርጦ በሚያልፍበት ሜዳ ላይ ይህ ይብሳል። ሁሉም ወርውሮ ሳይጨርስ ማንም መስመር አይለፍ። ወደ ጦሩ በእግር እንጂ በሩጫ አይሂድ፣ በጎኑ ይቅረብ፤ አንድ እጁን ጭራው ላይ ያድርግ፣ መጀመሪያ ቀጥ ያቁመው፣ ከዚያ ሽቅብ ይንቀለው። ሲመለስም ሹሉን ወደ መሬት አድርጎ፣ ጦሩን እንዳቆመው ይያዘው።