«ሙሉ ሽፋን» ምንድን ነው? የአሜሪካ የቤት ኢንሹራንስና ውሃ

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ አሜሪካ ውስጥ ቤት ለገዙ ወገኖቻችን «ሙሉ ሽፋን እስካላችሁ ድረስ ቤታችሁ ውሃ ቢገባበት ኢንሹራንሱ ይከፍላል» ብሎ ሲመክር ሰማሁ። «ሙሉ ሽፋን» ሰዎች በአፍ የሚለዋወጡት አነጋገር እንጂ የውል ስም አይደለም። በብዛት የሚሸጠው የቤት ኢንሹራንስ ውል፣ በሕንፃው ላይ የሚደርስ ጉዳት ተለይቶ ካልተገለለ በስተቀር ይሸፈናል ይላል፤ ክርክሩ ሁሉ የሚነሳው ደግሞ «ካልተገለለ» ከምትለው ቃል ነው።

ውሉ የሚጠይቀው ውሃ መግባቱን ብቻ ሳይሆን በየት በኩል እንደገባ ነው። ጃንጥላ የያዘ ሰው ዝናቡን ቢከላከልም መሬት ለመሬት የሚሄደው ጎርፍ ጫማውን ያርስበታል፤ ጃንጥላው ለዚያ አልተሠራምና። የቤት ኢንሹራንስም ቧንቧ በድንገት ፈንድቶ ሳሎኑን ቢያጥለቀልቀው ለወለሉና ለግድግዳው ይከፍላል፤ ያረጀውን ቧንቧ ራሱን ግን አይተካም። ወንዝ ሞልቶ ወይም የዝናብ ጎርፍ ከደጅ ፈስሶ ቤዝመንት (ከመሬት በታች ያለው የቤቱ ክፍል) ቢገባ አይከፍልም። ከፍሳሽ መስመር ተመልሶ የሚመጣውም ውሃ ቢሆን ተጨማሪ ሽፋን ካልተገዛለት በስተቀር ካሳ የለውም። የተበሳ ጃንጥላ የያዘ ሰው ደግሞ ከላይም ይበሰብሳል፤ ውሉ እርጅናን፣ ዝገትንና ለወራት ሲንጠባጠብ የኖረን ውሃ አይክስም። ጉዳት ስገምት የዕቃ ማጠቢያውን ቁም ሳጥን ከፍቼ እንጨቱ ላይ ቀለበት በቀለበት የተደራረበ ቡናማ እድፍ ካየሁ፣ ባለቤቱ ከልቡ «ትናንት ነው የፈሰሰው» ቢለኝም፣ እንጨቱ ደጋግሞ እንደራሰና እንደደረቀ እረዳለሁ።

ለጎርፍ የሚያስፈልገው ሌላ ውል ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የተቋቋመው የፌዴራሉ መንግሥት የጎርፍ መድን ፕሮግራም ለአንድ መኖሪያ ቤት ሕንፃ እስከ 250,000 ዶላር፣ ለብቻው ለሚገዛው የዕቃ ሽፋን ደግሞ እስከ 100,000 ዶላር ይከፍላል። ሆኖም ሽፋኑ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ የሚጀምረው ከ30 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ ማዕበል መምጣቱን ከሰሙ በኋላ ቢገዙት አይደርስም። «ባንኩ ስላልጠየቀኝ አያስፈልገኝም» የሚለውም አያዋጣም፤ ባንክ የሚያስገድደው ከፍተኛ የጎርፍ ስጋት አለባቸው በተባሉ ቀበሌዎች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የቴክሳሷ ሂውስተን ከተማ በሃርቪ ማዕበል ስትጥለቀለቅ ግን ውሃ የገባባቸው ብዙ ቤቶች ከእነዚህ ቀበሌዎች ውጭ ነበሩ። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ ቤዝመንታቸውን አሳምረው ለሚያከራዩ ወገኖች መናገር የምፈልገው፣ ይህ ፕሮግራም ቤዝመንት ውስጥ የቤትና የውሃ ማሞቂያውን ቢሸፍንም ምንጣፉን፣ ሶፋውንና አልጋውን እንደማይሸፍን ነው።

ድንገተኛ የቧንቧ መፈንዳትም ቢሆን ሁልጊዜ አይካስም። ለገናና ለጥምቀት አገር ቤት የሚሄድ ሰው ወጪ ለመቆጠብ ብሎ ማሞቂያውን አጥፍቶ ቢወጣና ቧንቧው በጥር ብርድ በረዶ ሠርቶ ቢፈነዳ፣ ካሳው ሊከለከል ይችላል፤ ስለዚህ ወይ ማሞቂያውን በመጠኑ ለቅቆ፣ ወይ ዋናውን ውሃ ዘግቶ በቧንቧው ውስጥ የቀረውን አፍስሶ መሄድ አለበት።