መደበኛ ስልካችሁ ወደ ዲጂታል ሲዞር፦ ከነጋዴዎቻችን የምሰማቸው ስህተቶች

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሆቴል፣ ፋርማሲ ወይም የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ብትገቡ በ033 የሚጀምር መደበኛ ስልክ አይጠፋም። ብዙዎቹ እስከ ዛሬ የሚሠሩት በመዳብ ሽቦ ነው። ዓለም ግን ከመዳብ ወደ ፋይበር (ብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን የመስታወት ገመድ) እየዞረ ነው፣ ወደ እኛም ፋይበሩ እየገባ ነው። ስለ ለውጡ የሚወራው ነገር ነጋዴውን ሳይዘጋጅ እንዳያስቀረው እሰጋለሁ።

«መብራት ቢጠፋም መደበኛ ስልክ ይሠራል»

ዋናው ስህተት ይሄ ነው፣ ምክንያቱም እስካሁን እውነት ነበር። የመዳቡ መስመር 48 ቮልት ገደማ ኃይል ከቴሌ ጣቢያው ይዞ ይመጣል። ጣቢያው ደግሞ የራሱ መጠባበቂያ ባትሪ አለው። ሰፈሩ ሁሉ ጨልሞ ያ ባለገመድ ስልክ የሚጮኸው ለዚህ ነው። በፋይበር ውስጥ የሚያልፈው ግን ብርሃን ብቻ ነው፣ ኤሌክትሪክ አያመጣላችሁም። ስልኩም እንደ ኢንተርኔቱ የሚሠራው እናንተ ጋ በሚተከለው ሞደም (መስመሩን የሚቀበል ሳጥን) በኩል ነው። መብራት ሲሄድ ሞደሙ ይጠፋል፣ ስልኩም አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ ኃይሉን ማዘጋጀት ከእንግዲህ የእናንተ ሥራ ነው። ብዙም አይከብድም። የሞደሙን አዳፕተር ገልብጣችሁ አንብቡ፦ 12 ቮልት፣ 1.5 አምፔር የሚል ከሆነ ቢበዛ 18 ዋት ነው የሚፈልገው። ይህን ያህል ጭነት አንድ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ወዲያው የሚተካ ባለባትሪ ሳጥን) ለሰዓታት ሊይዘው ይችላል፣ ኮምፒውተሩንና ፕሪንተሩን እዚያው ላይ ከሰካችሁ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ለስልኩ ብቻ ለዩት። ጄኔሬተር ያለው ሆቴልም ቢሆን ዩፒኤስ ያስፈልገዋል፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ሞደሙ ከጠፋ እንደገና ተነስቶ መስመር እስኪይዝ የጀመራችሁት ጥሪ ተቋርጧልና።

«የሚቀየረው ስልኩ ብቻ ነው»

አይደለም። በዚያ ሽቦ ላይ ሌላ ምን እንደተንጠለጠለ ገመዱን እየተከተላችሁ እዩ። ፋክስ፣ በስልክ መስመር የሚሠራ የቆየ ፖስ ማሽን፣ የሌባ አላርም፣ የሊፍት ውስጥ የአደጋ ጥሪ ሊኖር ይችላል። በተለይ ሊፍቱን አደራ። ሰው ውስጥ ቀርቶ ቁልፉን ሲጫን የሚመልስለት ከሌለ ጉዳዩ የገንዘብ አይደለም። እንግሊዝ አሮጌውን መስመር በ2025 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ልትዘጋ አቅዳ ወደ ጃንዋሪ 2027 የገፋችው፣ አንዱ ትልቅ ምክንያት በስልክ መስመር የሚሠራው የአረጋውያን የአደጋ መጥሪያ ነው። ፋክስም በዲጂታል መስመር ላይ ያስቸግራል፣ ገጹ መሃል ላይ ሊቆረጥ ይችላል። ሰነድ የምትለዋወጡ ትራንዚተሮች ስካን አድርጎ በኢሜይል መላክን ከአሁኑ ልመዱ።

«ማዞሪያውንና የየክፍሉን ስልክ መጣል አለብን»

የግድ አይደለም። ማዞሪያው ጥሪውን ወደየክፍሉ የሚያከፋፍለው መሣሪያ ነው። በአሮጌው ማዞሪያና በአዲሱ መስመር መካከል የምትገባ መለወጫ ሳጥን አለች። የክፍሎቹ ስልክ እንዳለ ይቀጥላል። ማዞሪያው መለዋወጫ የማይገኝለት ከሆነ ግን መለወጡ ይሻላል ባይ ነኝ።

«ኢንተርኔታችን ቀርፋፋ ስለሆነ ድምፅ አይችልም»

አንድ ጥሪ የሚፈልገው በሰከንድ 100 ኪሎቢት ገደማ ነው። አምስት ሰው በአንዴ ቢያወራ እንኳ ግማሽ ሜጋቢት ነው። ድምፁን የሚቆራርጠው ብዙ ጊዜ መስመሩን የሚሻማው ነገር ነው፦ ካሜራዎቹ ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ ወደ ውጭ ይልካሉ፣ እንግዳው በዋይፋይ ፊልም ያወርዳል። ባለሙያው ራውተሩ (ኢንተርኔቱን የሚያከፋፍለው ሳጥን) ላይ ለድምፅ ቅድሚያ እንዲሰጥ ያስተካክልላችሁ። የሪሴፕሽኑን ስልክም በዋይፋይ ሳይሆን በገመድ አገናኙት።

«ሞባይል ስላለኝ አይመለከተኝም»

ሻጩ ሥራ ሲለቅ ደንበኛው የያዘው ቁጥር አብሮት ይሄዳል። የድርጅቱ ቁጥር ግን ከድርጅቱ ጋር ይቀራል።

«ቁጥሬ ይቀየርብኛል»

ቴክኖሎጂው ቁጥር መቀየርን አያስገድድም። ቢሆንም ታፔላው፣ ደረሰኙና ካርዱ ላይ የታተመ ቁጥር ነውና፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ያው ቁጥር እንደሚቀጥል በጽሑፍ አስይዙ። መስመሩ ሲዞር ደግሞ ቴክኒሻኑ ሳይሄድ ፖስ ማሽኑንም፣ አላርሙንም፣ ሊፍቱንም አንድ በአንድ ሞክሩ፣ ከዚያ ቆጣሪውን አጥፍታችሁ ከውጭ ወደ ራሳችሁ ደውሉ።