የጊታር አምፕሊፋየርን በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር ሲቀዱ የሚያጋጥም የድምፅ መዛባት

የጊታር አምፕሊፋየርን ያለ ማይክሮፎን፣ በገመድ ብቻ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ መቅዳት ጎረቤት የማይረብሽ ዘዴ ነው፤ ክፍሉ የሚጨምረውን የገደል ማሚቶም ያስቀራል። የተቀዳው ድምፅ ግን ከስፒከሩ ከሚሰማው ጋር ብዙ ጊዜ አይመሳሰልም፤ ይሰነጣጠቃል፣ ይሻክራል፣ አንዳንዴም ይሳሳል። ምርመራውን የሚያከብደው ኤሌክትሪክ ጊታር ራሱ መዛባትን እንደ ውበት የሚጠቀም መሣሪያ መሆኑ ነው። የሮክና የብሉዝ ተጫዋቾች አምፕሊፋየሩን ሆን ብለው ከአቅሙ በላይ ያስጮኹታል። የሚፈለገው መዛባት ከማይፈለገው ጋር ተደባልቆ ሲቀዳ የትኛው ከየት እንደመጣ ጆሮ ብቻውን አይለይም። ስለዚህ ምርመራው መጀመር ያለበት በንጹሕ ድምፅ፣ ማለትም የአምፕሊፋየሩን ጌይን (ሲግናሉን የሚያጎላበትን መጠን) ዝቅ አድርጎና ኢፌክቶችን ሁሉ አጥፍቶ ነው። ንጹሑ ድምፅም ሲቀዳ ከተሰነጣጠቀ ጥፋቱ በግንኙነቱ ወይም በሲግናሉ መጠን ላይ ነው።

አብዛኛው ችግር የሚመነጨው ከቮልቴጅ አለመጣጣም ነው። ማይክሮፎን የሚያወጣው ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው። ላይን የሚባለው፣ የድምፅ መሣሪያዎች እርስ በርስ የሚለዋወጡት ሲግናል ደረጃ ለቤት በተሠሩ መሣሪያዎች 0.316 ቮልት፣ በስቱዲዮ መሣሪያዎች ደግሞ 1.23 ቮልት ገደማ ነው። የላፕቶፕ የማይክሮፎን መግቢያ የተሠራው ለማይክሮፎን ደካማ ሲግናል ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ሲግናሉን በ20 ወይም በ30 ዴሲቤል የሚያጎላ ተጨማሪ ቅንብር አለው፤ 20 ዴሲቤል ማለት ቮልቴጁን አሥር እጥፍ ማድረግ ነው። ከአምፕሊፋየሩ የጆሮ ማዳመጫ መውጫ የመጣ ሲግናል በዚህ መግቢያ ሲገባ ቢሰነጣጠቅ አያስገርምም። ተጨማሪ ማጉያውን ማጥፋት ጥቂት ይረዳል፤ ትክክለኛው መፍትሔ ግን የላይን ወይም የጊታር መግቢያ ያለው የድምፅ ካርድ መጠቀም ነው።

የስፒከር መውጫ ከዚህ ሁሉ ተለይቶ መታየት አለበት። 100 ዋት የሚሰጥ አምፕሊፋየር በ8 ኦም ስፒከር ላይ 28 ቮልት ገደማ ያሳርፋል፤ ይህ የድምፅ ካርድን ሊያቃጥል የሚችል ኃይል ነው። በቫልቭ የሚሠራ አምፕሊፋየር ደግሞ ስፒከሩ ተነቅሎ ከተጫወቱበት የመውጫ ትራንስፎርመሩ ሊበላሽ ይችላል። ስፒከሩን ዝም ማሰኘት የሚፈልግ ሰው በቦታው ኃይሉን የሚቀበልና ለቀረጻ የሚሆን ዝቅተኛ ሲግናል የሚያወጣ የሎድ መሣሪያ ማስገባት አለበት። ለቀጥታ ቀረጻ የሚያገለግሉት የላይን መውጫው፣ የኢፌክት መላኪያው (ሲግናሉን ወደ ውጭ ኢፌክት የሚልከው መውጫ)ና፣ ካለው፣ የጆሮ ማዳመጫው መውጫ ናቸው።

ገመዱ በትክክል ተሰክቶም ድምፁ ከተሰነጣጠቀ ከጆሮ ይልቅ ዓይን ይረዳል። በመቅጃው ፕሮግራም ላይ የተቀዳውን ሞገድ አጉልቶ ማየት ነው። ጫፎቹ ልክ በዲጂታል ጣሪያው፣ በ0 ዴሲቤል ላይ ተቆርጠው ጠፍጣፋ ከሆኑ፣ የድምፅ ካርዱ ሊቀበለው ከሚችለው በላይ ሲግናል ገብቷል ማለት ነው። ጫፎቹ ከጣሪያው በታች ሆነው ከተቆረጡ፣ አንዳንዴም ጥቂት አዘንብለው ከታዩ፣ ሲግናሉ የተጎዳው ቀደም ብሎ ነው፤ ወይ አምፕሊፋየሩ ውስጥ፣ ወይ በመካከል ባለ ፔዳል፣ ወይ በድምፅ ካርዱ መግቢያ ማጉያ። ይህ ልዩነት ብዙ ድካም ያስቀራል። በፕሮግራሙ ውስጥ የትራኩን መጠን ዝቅ ማድረግ የተቆረጠውን ሞገድ ያሳንሰዋል እንጂ አያድነውም፤ መቀነስ ያለበት ከመቆረጡ በፊት ያለው መጠን ነው። የድምፅ ካርዱ ጌይን እስከ መጨረሻው ዝቅ ብሎም ሞገዱ ከተቆረጠ የአምፕሊፋየሩን መውጫ መቀነስ ወይም ከጊታር መግቢያ ወደ ላይን መግቢያ መዞር ያስፈልጋል።

ብዙዎች በከፍተኛ መጠን የሚቀዱት የማሽኑ ሽውታ እንዳይሰማ ሰግተው ነው። ይህ ስጋት ለካሴት ዘመን ተገቢ ነበር። በ24 ቢት ዲጂታል ጥራት ሲቀዳ በንድፈ ሐሳብ በደካማውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል 144 ዴሲቤል ስፋት ስለሚገኝ ከፍተኛው ምት ከጣሪያው 12 ዴሲቤል ዝቅ ቢል፣ ማለትም የሙሉው ቮልቴጅ ሩብ ቢሆን፣ የሚታጣ ነገር የለም።

ሞገዱ ሳይቆረጥም ድምፁ እንደ ንብ መንጋ ሊነዝር ይችላል። የዚህ ምክንያት ሌላ ነው። የጊታር ስፒከር ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ በኃይል ይቀንሳል፤ ሻካራነቱን የሚያለዝበው እርሱ ነው። ከላይን መውጫ ወይም ከኢፌክት መላኪያ የተቀዳ ድምፅ ይህን ማጣሪያ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1989 ቴክ 21 የተባለው ኩባንያ ያወጣው ሳንስአምፕ ይህን ጉድለት ለመሙላት ከተሠሩት ቀዳሚ መሣሪያዎች አንዱ ነው። ዛሬ የስፒከርና የማይክሮፎንን ባሕርይ የያዘ ኢምፐልስ ሪስፖንስ የሚባል ፋይል በፕሮግራሙ ውስጥ መጫን ይበቃል። በእኔ ግምት፣ አምፕሊፋየሬ ተበላሸ ብለው ከሚጨነቁት ብዙዎቹ የጎደላቸው ይህ ብቻ ነው።

የሳሳና የራቀ ድምፅ ሲመጣ ደግሞ ገመዱን መፈተሽ ይገባል። የጆሮ ማዳመጫ መውጫ ስቴሪዮ ነው፤ ባላንስድ የሚባለው፣ አንድን ድምፅ በሁለት ሽቦ የሚቀበል መግቢያ ግን በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው የሚያነበው። በግራና በቀኝ ተመሳሳይ ድምፅ በስቴሪዮ ገመድ ሲገባ እርስ በርሱ ይጣፋል።

ኮምፒውተሩም የራሱ ጥፋት አለው። የውይይት ጥራት ለመጠበቅ የተሠሩት የጩኸት መቀነሻና የመጠን ራስ-ሰር ማስተካከያ ቅንብሮች ለንግግር የታሰቡ ናቸው፤ ረዝሞ የሚዘልቅን የጊታር ድምፅ እንደ ጩኸት ቆጥረው ያፍኑታል፣ መጠኑንም ከፍና ዝቅ ያደርጉታል። ሁሉም መጥፋት አለባቸው። ጠቅ ጠቅ የሚል የተቆራረጠ ድምፅ ብዙ ጊዜ ከሲግናሉ መጠን ጋር አይገናኝም፤ በፕሮግራሙና በድምፅ ካርዱ መካከል የሳምፕል ፍጥነት (ድምፁ በሰከንድ የሚለካበት ብዛት)፣ ማለትም የ44.1 እና የ48 ኪሎኸርዝ አለመስማማት ሊሆን ይችላል፣ ወይም ባፈሩ (ድምፁ ከመሠራቱ በፊት ለጊዜው የሚጠራቀምበት ቦታ) ጠቦ ፕሮሰሰሩ መድረስ አቅቶታል። ባፈሩን ከ128 ወደ 512 ሳምፕል ማስፋት ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል፤ በልዋጩ ድምፁ በ48 ኪሎኸርዝ ወደ 11 ሚሊሰከንድ ገደማ ይዘገያል።

ተቆርጦ የተቀዳን ድምፅ የሚጠግኑ ፕሮግራሞች አሉ። የሚሠሩት የጎደለውን ጫፍ ከግራና ከቀኝ ባለው ሞገድ ገምተው በመሙላት ስለሆነ፣ አልፎ አልፎ ለሚታዩ አጫጭር ቁርጦች ያገለግላሉ። እያንዳንዱ ምት የተቆረጠበት ቀረጻ ግን መጠኑን አስተካክሎ እንደገና መጫወትን ይጠይቃል።