«ዘይ»፦ እንግሊዝኛ ከቫይኪንጎች የተዋሰው ተውላጠ ስም

«ዘይ» (they) የእንግሊዝኛ ሦስተኛ መደብ፣ ብዙ ቁጥር ተውላጠ ስም ነው፤ የእኛ «እነሱ»። ባለቤት ሲሆን «ዘይ»፣ ተሳቢ ሲሆን «ዜም»፣ አገናዛቢ ሲሆን «ዜር» ይላል። እንደ «እነሱ» ሁሉ ጾታ አይለይም።

ቃሉ የእንግሊዝኛ የራሱ አይደለም። ጥንታዊው እንግሊዝኛ ለ«እነሱ» የነበሩት ቃላት እንደ «እሱ» እና «እሷ» በ«ህ» የሚጀምሩ ነበሩ። አነጋገሩ እየተለወጠ ሲሄድ ሦስቱን በጆሮ መለየት አስቸገረ። ከ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሰሜንና በምሥራቅ እንግሊዝ የሰፈሩት ስካንዲኔቪያውያን፣ ማለትም ቫይኪንጎች፣ ደግሞ የማያምታታ ቃል ነበራቸው፤ «ዘይ» የመጣው ከእነሱ ነው። ቋንቋ ስምና ግስ እንደ ልቡ ይዋሳል፤ ተውላጠ ስም መዋስ ግን ብርቅ ነው። «ዘይ»ም ቢሆን በአንዴ አልገባም። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለንደን ላይ ይጽፍ የነበረው ባለቅኔ ቾሰር ለባለቤት «ዘይ» ይላል፤ ለተሳቢ ግን ገና አሮጌውን «ሄም» ይጠቀማል። ዛሬ በንግግር «ቴል ኤም» («ንገራቸው») ሲባል የሚሰማው «ኤም» የ«ዜም» ቁራጭ ይመስላል እንጂ የዚያው የ«ሄም» ቅሪት ነው።

ብዙ የሚያከራክረው «ዘይ» ለአንድ ሰው ሲውል ነው። ይህን አዲስ ፋሽን የሚያደርጉት ተሳስተዋል፤ ማንነቱ ላልታወቀ ሰው «ዘይ» ማለት ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በጽሑፍ ይገኛል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሰዋስው መምህራን «ሂ» («እሱ») ለወንድም ለሴትም ይበቃል ብለው ተነሡ፤ የብሪታንያ ፓርላማም በ1850 እ.ኤ.አ. በሕጎች ውስጥ የወንድ ጾታ ቃል ሴትንም እንዲያካትት ደነገገ። ተናጋሪው ሕዝብ ግን በልማዱ ቀጠለ። አዲሱ ነገር ወንድም ሴትም ነኝ የማይል፣ ማንነቱ የታወቀ ሰው በዚህ ቃል መጠራቱ ነው፤ የሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት በ2019 እ.ኤ.አ. «ዘይ»ን የዓመቱ ቃል ያለውም ከዚህ ጋር በተያያዘ ነው። ግሱ ለአንድ ሰውም ቢሆን በብዙ ቁጥር ይቆያል፤ «ዘይ አር» እንጂ «ዘይ ኢዝ» አይባልም። «ዩ»ም («አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እናንተ») ከብዙ ቁጥር ወደ ነጠላ ሲወርድ «አር»ን ይዞ ነው የወረደው።

በጽሑፍ ተማሪን የሚጥለው «ዜር» ነው። አገናዛቢው (their)፣ «እዚያ» የሚለው ቃል (there) እና የ«ዘይ አር» አጭር ቅርጽ (they're) ሲነበቡ ይመሳሰላሉ፤ ፊደላቸው ግን ይለያያል። በቦታው «ዘይ አር» ብሎ ማንበብ ትርጉም ከሰጠ፣ ትክክለኛው ባለ ጭረቱ አጭር ቅርጽ ነው።

ለአማርኛ ተርጓሚ ወጥመዱ ሌላ ነው። «ሳምዋን ሌፍት ዜር አምብሬላ» የሚለው «አንድ ሰው ጃንጥላውን ረስቶ ሄዷል» ይሆናል። «ጃንጥላቸውን» ከተባለ ሰሚው የሚያስበው አንቱ የሚባል ሰው ነው። በተቃራኒው አማርኛ አንቱታን በብዙ ቁጥር ግስ ስለሚገልጽ፣ «አባባ መጡ» ለማለት «ዘይ ኬም» የሚል አለ። እንግሊዛዊው ይህን ሲሰማ ከአባባ ኋላ የሚገቡትን ሌሎች እንግዶች ይጠብቃል።